ከመተማ እስከ በርማ፦ ወባን የአዛዥ ጉዳይ ያደረገው ዊሊያም ስሊም

ለዘንድሮው የመታሰቢያ መጽሐፋችን የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ ጻፊ ስባል፣ ጓደኞቼ ከፓስተር ወይም ከኮክ እንደማልወጣ ገምተው ነበር። እኔ ግን ወታደር መረጥኩ፤ ያውም ሕክምና ያልተማረ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የማያውቅ እንግሊዛዊ ወታደር። ፊልድ ማርሻል ዊሊያም ስሊም ይባላል። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካሰለፏቸው አዛዦች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው የሚሉ የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ጥቂት አይደሉም። ያንን ለእነሱ እተወዋለሁ። እኔን የሳበኝ የወባ ትኩሳትን ከሐኪሞች ትከሻ አንስቶ በጦር አዛዦች ትከሻ ላይ የጫነ ሰው መሆኑ ነው። እኛም አገር ደጃፍ ላይ፣ መተማ፣ ተዋግቶ ተሸንፎ ተመልሷል፤ ይኼን የሚያውቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። (ዓ.ም ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ስሊም በ1891 ብሪስቶል ከተማ ተወለደ። አባቱ አነስተኛ የብረታ ብረት ነጋዴ ነበር፤ ንግዱ ሲከስር ቤተሰቡ ወደ በርሚንግሃም ሄደ። ቤቱ አንድ ልጅ ብቻ ዩኒቨርሲቲ ለመላክ አቅም ነበረው። ዕድሉ የደረሰው ለወንድሙ ለቻርልስ ሆነና ቻርልስ ሕክምና ተማረ። ዊሊያም የድሆች ሠፈር ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ፣ ቀጥሎም የብረት ቱቦ በሚያመርት ኩባንያ ውስጥ ጸሐፊ። ወታደርነት ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ይመኘው የነበረ ነገር ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር የመኮንንነት መንገድ ገንዘብ ላለው ሰው ነበር። ታዲያ በ1912 በወንድሙ በኩል በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ለመኮንንነት ወደሚሠለጥኑበት ጓድ ገባ። ተማሪ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ መለዮ ለበሰ ማለት ነው። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር መጽሐፍ ላይ ይህን መጻፌ ሳያስፈግጋችሁ አይቀርም።

በ1914 ጦርነቱ ሲነሳ ያ ሥልጠና የምክትል መቶ አለቅነት ማዕረግ አስገኘለት። በዓመቱ ጋሊፖሊ ሄደ። ኦገስት 1915 ላይ በሳሪ ባይር ኮረብታ ከጉርካ ወታደሮች ጎን ሲዋጋ ደረቱን በጥይት ተመታ። ጥይቱ ትከሻውን ጎድቶት ስለነበር ከእንግዲህ ለውጊያ አይሆንም ተብሎ ነበር። ሰውየው ግን በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ሜሶፖታሚያ፣ የዛሬዋ ኢራቅ፣ ግንባር ላይ ተገኘ። ያ ግንባር በእንግሊዝ የሕክምና ታሪክ ውስጥ አሳፋሪ ከሚባሉት አንዱ ነው። በ1916 መጀመሪያ ላይ ቁስለኛና ተቅማጥ የያዘው ወታደር በጀልባ ላይ ተደራርቦ፣ በቂ ሐኪም ሳይኖረው፣ በጤግሮስ ወንዝ ይጓጓዝ ነበር፤ ነገሩ እስከ መርማሪ ኮሚሽን ደርሷል። ስሊም የደረሰው ነገሮች መስተካከል ከጀመሩ በኋላ ነው። በማርች 1917 እዚያም ቆሰለና ወደ ሕንድ ተላከ፤ የጀግና ሜዳይ ተሰጠው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት የሰላም ወታደር ሕይወት ናቸው፤ ቶሎ ልለፋቸው። ወደ ሕንድ ጦር ተዛወረ፤ በሕንድ ጦር ውስጥ ሰው በደሞዙ መኖር ይችል ነበር። ጋሊፖሊ ላይ ወዳጆቹ ያደረጋቸውን ጉርካዎች ተቀላቀለ፣ ቋንቋቸውን ተማረ። ስኮትላንዳዊቷን አይሊን ሮበርትሰንን አገባ፣ ሁለት ልጆች ወለዱ። ደሞዙ አልበቃ ሲለው አንቶኒ ሚልስ በሚል የብዕር ስም አጫጭር ልብ ወለዶች እየጻፈ ለመጽሔቶች ይሸጥ ነበር። የዕድገቱ ነገር ግን ቀርፋፋ ነው። ጦርነቱ ሊነሳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ እየተጠጋ፣ ገና የአንድ ሻለቃ ጦር አዛዥ ነበር።

አሁን ወደ መተማ እንምጣ። ኢጣሊያ በ1940 ጦርነት ስታውጅ የሱዳን ድንበር ላይ ያለችውን ጋላባትን ያዘች። ጋላባትና መተማ ድንበሩ መሐል ገብቶ የለያቸው፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ቦታዎች ናቸው። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ምድር ነው፤ ከዚያም ወደ ጎንደር የሚያወጣው መንገድ ይነሳል። ስሊም አሥረኛውን የሕንድ ብርጌድ ይዞ እንዲያጠቃ ታዘዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ጊዜ ካርቱም ነበሩ፤ አርበኞቻችን ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ በሚጠብቁበት ወቅት ይህ በር ቢከፈት ምን ያህል እንደሚጠቅም መገመት አያስቸግርም።

ኖቬምበር 6 ቀን 1940፣ በእኛ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም፣ ማለዳ ጥቃቱ ተጀመረ። ጋላባት ወዲያው ተያዘች። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ነገር ተበላሸ። ከ12ቱ ታንኮች አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋይ ሰንሰለታቸው ተበጥሶ ቆሙ። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ሰማዩን ተቆጣጠሩትና በድንጋያማው ኮረብታ ላይ ያለውን እግረኛ በቦምብ ይደበድቡት ጀመር። ድንጋይ ላይ የሚፈነዳ ቦምብ ፍንጣሪው እጥፍ ነው፤ ምሽግ ቆፍሮ መደበቅም አይቻልም። ከእንግሊዞቹ ሻለቃ የተወሰነው ክፍል ተደናግጦ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጠላት ከኋላ መጣ የሚል ወሬም ነዛ። ስሊም መተማን ለማጥቃት ወይም ለማፈግፈግ መወሰን ነበረበትና ማፈግፈጉን መረጠ። በሩ ተዘግቶ ቀረ።

ይህን ሽንፈት እንዴት እንደያዘው ነው እኔን የሚገርመኝ። ብዙ ጄኔራሎች የሸሸውን ሻለቃ ወቅሰው፣ አየር ኃይሉን ወቅሰው ያልፉታል። ስሊም ከዓመታት በኋላ ባሳተመው የትዝታ መጽሐፍ ጥፋቱን ራሱ ላይ አኖረው፦ ሁለት መንገድ ቀርቦለት የፍርሃቱን ምክር ሰምቶ እንደነበረ፣ ደፋሩን መንገድ መምረጥ እንደነበረበት ጻፈ። እኛ የሕሙማን ሞት የሚገመገምበት ስብሰባ ላይ የተቀመጥን ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ንግግር ስንት ጊዜ ሰምተናል? እኔ በጣቶቼ እቆጥረዋለሁ፤ ጣትም ይተርፈኛል።

በጃንዋሪ 1941 ጦሩ ወደ ኤርትራ ሲገሰግስ ከኢጣሊያ አውሮፕላን በተተኮሰ ጥይት ለሦስተኛ ጊዜ ቆሰለ። ድኖ ሲነሳ የክፍለ ጦር አዛዥ ሆኖ ኢራቅን፣ ሶርያን፣ ኢራንን በአንድ ዓመት ውስጥ አዳረሰ። እውነተኛው ፈተና የመጣው በማርች 1942 ነው። ጃፓኖች የበርማን ዋና ከተማ ራንጉንን ከያዙ በኋላ፣ ተሸንፎ እየሸሸ ያለውን ጦር ኮር ተረከብ ተባለ። ያ ሽሽት ወደ 1,450 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በእንግሊዝ ጦር ታሪክ ረጅሙ ማፈግፈግ ነው። በሜይ ወር ዝናቡ ሲጀምር ሕንድ ድንበር ላይ ደረሱ። ልብሳቸው ተቀዳዶ፣ ወባና ተቅማጥ አንጠፍጥፏቸው፣ ግን ጠመንጃቸውን እንደያዙ። ስሊም የገቡበት መንገድ ዳር ቆሞ ሲያልፉ ተመለከታቸው። የተቀበሏቸው ሰዎች ግን የሽንፈት ጥፋተኞች አድርገው ነበር የቆጠሯቸው፤ ድንኳንና ብርድ ልብስ እንኳ በቅጡ አልተዘጋጀላቸውም።

በኦክቶበር 1943 አዲስ የተቋቋመው 14ኛው ሠራዊት ተሰጠው። ከዚህ በኋላ ያለው ነው የእኛ ሙያ ታሪክ፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልሂድ።

ስሊም የሠራዊቱን መዝገብ ሲመረምር ያገኘው ቁጥር ይህ ነው፦ በ1943 በቁስል ምክንያት ከግንባር ለሚወጣ አንድ ወታደር፣ በበሽታ የሚወጣው 120 ነበር። ወባ ብቻውን በዓመት ከጠቅላላው ሠራዊት 84 በመቶ ያህሉን ይይዝ ነበር። ተቅማጡ፣ የቆዳ ቁስሉ፣ በቁጥቋጦ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ተባዮች የሚተላለፈውና ያን ጊዜ መድኃኒት ያልነበረው ታይፈስ ሲጨመር፣ በየቀኑ ከ1,000 ሰው 12ቱ ይታመማል። ሒሳቡን ሠርቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ሠራዊቱ ያለ አንዳች ውጊያ ሟሙቶ እንደሚያልቅ ተረዳ። ሐኪምና ነርስ ላክልኝ ቢል የለም ተባለ። አውሮፓና ሰሜን አፍሪካ ይቀድማሉ፤ በርማ የመጨረሻው ወረፋ ላይ ናት። ወታደሮቹ ራሳቸውን የተረሳው ሠራዊት እያሉ መጥራት የጀመሩት በከንቱ አይደለም።

ሐኪም ከሌለ ምን ይደረጋል? ስሊም ከሐኪሞቹ ጋር ተቀምጦ የሕክምናውን ቦታ ቀየረ። ቀድሞ ወባ የያዘው ወታደር በመኪና፣ በባቡር፣ በመርከብ እየተንገላታ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ የሕንድ ሆስፒታል ይላካል፤ ወደ ጦሩ ለመመለስ በአማካይ አምስት ወር ይፈጅበታል። አንዳንዱም ከነጭራሹ አይመለስም። በአዲሱ አሠራር ከውጊያው ግንባር ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ፣ በድንኳንና በቀርከሃ ጎጆ የወባ ሕክምና ጣቢያዎች ተከፈቱ። ሰውየው ባመመው በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ያገኛል፣ በሦስት ሳምንት ክፍሉን ይቀላቀላል። የቀዶ ሕክምና ቡድኖችም ወደ ፊት ተጠጉ። ከባድ ቁስለኛ ደግሞ ጥይትና ሩዝ አራግፎ በሚመለሰው አውሮፕላን ይጫናል።

እኔ ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ቆላ ነበር። በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ወባን የማያውቅ ሰውነት ይዞ ይመጣል፤ ትኩሳቱ ሲነሳበት በትራክተር ተጎታች ተጭኖ፣ ግማሽ ቀን ተጉዞ፣ ራሱን ስቶ ይደርስልናል። ስለዚህ ስሊም ያደረገውን ሳነብ የወታደራዊ ስልት መስሎ አልታየኝም። የጤና ኬላውን ወደ እርሻው አስጠጉት ማለት ነው፤ በቃ።

መድኃኒቱስ? እኛ ማንኛውንም እንክብል ኪኒን የምንለው ከኩዊኒን ወስደን ነው። ያን ጊዜ ግን ኩዊኒን የሚገኝበት ዛፍ በብዛት የሚበቅልባትን ጃቫን ጃፓኖች ስለያዙ ዓለም ኩዊኒን አጣች። የቀረው ሜፓክሪን የሚባል ቢጫ እንክብል ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ ኬርንስ በምትባል ከተማ ኒል ሃሚልተን ፌርሊ የሚባል ሐኪም በፈቃደኛ ወታደሮች ላይ ባደረገው ጥናት፣ በየቀኑ አንድ እንክብል የዋጠ ሰው በወባ ትንኝ ቢነከስም እንደማይወድቅ አሳየ። ሳይንሱ ተገኘ። የሚውጠው ሰው ግን አልተገኘም! እንክብሉ ይመርራል፣ ቆዳን ብጫ ያደርጋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንድነትን ይገድላል የሚል ወሬ ሠራዊቱን አዳረሰው። ክትባት ያመክናል የሚል ወሬ ገጥሟችሁ የምታውቁ ባልደረቦቼ የዚያን ሐኪም ድካም አታጡትም።

ስሊም እዚህ ላይ ያደረገው ነገር ነው ስሙን በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ያስገባው። መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም ሥራ ነው፣ መዋጡን ማረጋገጥ ግን የአዛዡ ነው ብሎ ደነገገ። ድንገተኛ ምርመራ ይደረጋል፣ የአንድ ክፍል ወታደሮች ሁሉ ይመረመራሉ። ከ95 በመቶ በታች የሆነው ሰውነቱ ውስጥ መድኃኒቱ ከተገኘ የክፍሉ አዛዥ ከሥልጣኑ ይነሳል። ሦስት አዛዦችን አነሳ፤ አራተኛ አላስፈለገም። ጀምበር ስትጠልቅ እጅጌ ይወርዳል፣ ቁምጣ አይለበስም፣ ከመሸ በኋላ ገላ መታጠብ የለም። ቅጣቱ ከባድ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ቅጣቱ በማን ላይ እንደወረደ እመለከታለሁ። ያልዋጠው ተራ ወታደር አልተገረፈም፤ ሻለቃ አዛዡ ነው የተጠየቀው። በሥራ ዘመኔ ግን መድኃኒት ስላቋረጠ የተዘለፈ ሕመምተኛ እንጂ፣ መድኃኒቱ ስላልደረሰ የተጠየቀ አለቃ አይቼ አላውቅም።

ውጤቱ በ1945 ታየ። በቀን ከ1,000 ሰው 12 የነበረው ታማሚ ወደ 1 ወረደ። ያም ሠራዊቱ በዓለም ወባማ ከሚባሉት ሥፍራዎች በአንዱ፣ በካባው ሸለቆ፣ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሸለቆ የዝናቡን ወራት ተዋግቶ ያለፈው የምሥራቅ አፍሪካ 11ኛ ክፍለ ጦር ነበር፤ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከኒያሳላንድ የተመለመሉ ሰዎች።

ውጊያውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በፌብሩዋሪ 1944 ጃፓኖች በአራካን ግንባር የተከበበውን ሠፈር ሌሊት ሰብረው ሲገቡ በእጃቸው የወደቀው የሕክምና ጣቢያው ነበር። ተኝተው የነበሩትን ቁስለኞች፣ ሐኪሞቹንም አሰልፈው ገደሉ። ይህን ክፍል ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ቆይቻለሁ። ስሊም በዚያ ውጊያ ያደረገው አዲስ ነገር የተከበበ ጦር ማፈግፈጉን ማስቀረት ነው። ባለበት ይረጋል፣ ስንቁ ከሰማይ ይወርድለታል።

በዚያው ዓመት በማርች የጃፓን 15ኛ ሠራዊት ከ80,000 በላይ ሰው ይዞ ወደ ኢምፋልና ኮሂማ ዘለቀ። ስሊም ኮሂማ ላይ የሚመጣው ኃይል አነስተኛ ይሆናል ብሎ ገምቶ ነበር። የመጣው ሙሉ ክፍለ ጦር ነው። ይህንንም ስህተቱን አልደበቀም። ጥቂት ተከላካዮች የአንድ አስተዳዳሪ ቤትና የቴኒስ ሜዳ ባለበት ኮረብታ ላይ በሜትሮች ርቀት ተፋጠው ባይቆዩ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። የጃፓኑ አዛዥ ሙታጉቺ ወታደሮቹን የሦስት ሳምንት ያህል ስንቅ አስይዞ ነበር የላካቸው፤ የቀረውን ከእንግሊዞች መጋዘን ማርከው ይበላሉ ብሎ። መጋዘኑ አልተማረከም። በጁላይ ወር ሲያፈገፍጉ መንገዱ ሬሳ በሬሳ ሆነ። ከሞቱት ወደ 30,000 የሚጠጉ ጃፓናውያን ውስጥ የሚበዙት በጥይት አልሞቱም፤ ረሃብ፣ ተቅማጥና ወባ ናቸው የጨረሷቸው። ደኑ አንድ ነው፣ ዝናቡም ትንኙም አንድ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ስሊም ጠላት በማንዳላይ በኩል ሲጠብቀው በድብቅ የኢራዋዲን ወንዝ ወደ ደቡብ ተሻግሮ የጃፓኖችን የስንቅ ማዕከል ሜይክቲላን ያዘ። ማንዳላይ ማርች 20፣ ራንጉን ሜይ 3 ቀን 1945 ተለቀቁ። ድሉ ገና ሳይበርድ የበላዩ ጄኔራል ሊስ ከሠራዊቱ ሊያነሳው ሞከረ። ሠራዊቱ ተነቃነቀ፣ ለንደን ደነገጠች። ነገሩ ተገልብጦ የተነሳው ሊስ ሆነ፣ በቦታው የተቀመጠውም ስሊም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን ስሊም የቅኝ ግዛት ሎሌ እንደነበር መርሳት የለብንም። ወደ አንድ ሚሊዮን ከሚጠጋው ሠራዊቱ የሚበዛው ሕንዳዊ ነበር፤ የሚዋጉለትም ግዛት የራሳቸው አልነበረም። ያ ሠራዊት በሚዘጋጅበት በ1943፣ ከጀርባው ባለችው ቤንጋል ሚሊዮኖች በረሃብ አልቀዋል። ኢትዮጵያውያን ከዚያ ግንባር የምናውቀው ዊንጌትን ነው፤ በስሙ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት አለን። ዊንጌት ከጎጃም ዘመቻ በኋላ በርማ ሄዶ ከጠላት መስመር ጀርባ የሚዋጋ ልዩ ጦር መሥርቶ ነበር፤ በማርች 1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ስሊም ድፍረቱን ያደንቅለት ነበር፣ ለአንድ ልዩ ጦር ተብሎ የሌላው ሠራዊት ምርጥ ሰው መመልመሉን ግን አልወደደም። እኔም ከስሊም ጋር ነኝ።

ከጦርነቱ በኋላ ጡረታ ወጥቶ በባቡር ድርጅት መሥራት ጀምሮ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ፣ የሞንትጎመሪን ተቃውሞ ሳይሰማ፣ ጠርቶ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም አደረገው። ከሕንድ ጦር የወጣ መኮንን ያንን ወንበር ሲይዝ የመጀመሪያው ነው። በ1956 ያሳተመው የበርማ ማስታወሻ ርዕሱን የሚጀምረው ሽንፈት በሚለው ቃል ነው፤ ስለ ሠራዊት ጤና የጻፈውን ክፍል እስካሁን የማኅበረሰብ ጤና ተማሪዎች ቢያነቡት አይከስሩም።

ከ1953 እስከ 1960 አውስትራሊያ ውስጥ የንግሥቲቱ እንደራሴ ነበር። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ። ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከእንግሊዝ ተልከው በኒው ሳውዝ ዌልስ በሚገኝ የእርሻ ትምህርት ቤት ያደጉ ሰዎች፣ ልጆች ሳሉ እንደራሴው ሊጎበኝ በመጣ ጊዜ ያላግባብ ነክቶናል ብለው ተናገሩ። በፍርድ ቤት አልታየም፣ እሱም መልስ ሊሰጥ አይችልም። ሕፃናትን የሚመረምር ሐኪም ግን እንዲህ ያለውን ቃል ተናጋሪው ስላረጀ ብቻ አይጥለውም፤ እኔም ልጥለው አልችልም፣ ሰውየውን ስላደነቅኩ።

ስሊም ዲሴምበር 14 ቀን 1970 በ79 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ሞተ። ሐውልቱ ለንደን መከላከያ ሚኒስቴሩ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ባርኔጣው ሰፊው የጉርካዎች ባርኔጣ ነው። ካንቤራ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ የነበረው መንገድ ግን፣ ከእነዚያ ሰዎች ቃል በኋላ፣ ስሙ እንዲቀየር ተደርጓል።